ያማሃ ገዛሁ

ጊታሩን የገዛሁት በ6,500 ብር ነው። ያኔ በዚህ ዋጋ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ይገኝ እንደነበር ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ ክሮቹ ከአንገቱ አንድ ጣት የሚርቁ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው የሚጎብጥ፣ ስም የለሽ አኩስቲክ። እኔ በዚያ ብር ያገኘሁት ያማሃ ፓሲፊካ 112 ነበር። ኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት ጓደኛ ካላችሁ ስሙንና ዋጋውን አንድ ላይ ንገሩትና ፊቱን እዩት።

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. መስቀል፣ ጉብሬ ነው። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት ካልኳችሁ አንዳንዶቻችሁ ታስታውሷታላችሁ፤ ጓደኛችሁ ተመድቦባት ይሆናል። ለእኔ ግን ከዩኒቨርሲቲው በፊትም የነበረች፣ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ እንሰትና ቆርቆሮ ቤት ተደባልቀው የሚታዩባት የትውልድ ቦታዬ ናት። መስቀል ሲደርስ እኛ ጋ ቀልድ የለም። ዓመቱን ሙሉ ስልክ የማያነሳ ሰው እንኳ አየር ጤና ሄዶ ለሚኒባስ ይጋፋል። እኔም ላፕቶፔን ዘግቼ፣ «ኔትወርክ ላይኖር ይችላል» ብዬ ለአለቃዬ ግማሽ ውሸት ጽፌ፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን፣ ወልቂጤን አልፌ ገባሁ።

ጊታር ፍለጋ አልሄድኩም። እንዲያውም በዚያ ሰሞን ተስፋ ቆርጬ ነበር። አንድ ዓመት ያህል ከደሞዜ እየቆረጥኩ ስቆጥብ ከርሜ፣ ልገዛ ትንሽ ሲቀረኝ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ባንክ ቤት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ለሌላው ሰው ይኼ ዘይት ነው፣ መድኃኒት ነው፣ የቤት ኪራይ ነው። ለእኔም ነበር፤ ግን አሳፋሪ ቢሆንም መጀመሪያ የታየኝ ሱቅ መስታወት ውስጥ የተሰቀለው፣ ቆሜ ሳላየው የማላልፈው ጊታር ነው። ነሐሴ ላይ ገብቼ ዋጋውን ስጠይቅ ሻጩ ቁጥር ከመጥራቱ በፊት ሳቀ።

አኩስቲክ እያለህ ኤሌክትሪክ ምን ያደርግልሃል የሚል ሰው ይኖራል። ጥፋቱ የአባቴ ነው። አባቴ ጉብሬ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለው። ልጅ እያለሁ ከባንኮኒው ሥር የካሴት ማጫወቻ ነበረችው፤ መርካቶ ያደገው የጉራጌ ልጅ ማህሙድ አህመድ ከእሷ አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው «ኧረ መላ መላ» ሲከፈት ሰው ሁሉ የማህሙድን ድምፅ ይሰማል፤ እኔ ከድምፁ ጀርባ የሚመላለሰውን ጊታር እከተል ነበር። ሳድግ ነው ጊታሩ የሰላም ስዩም መሆኑን ያወቅኩት። ያው ባንድ በኋላ ሮሃ ሆነ፤ በካሴቱ ዘመን ከሮሃ ጋር ያልሠራ ስመ ጥር ድምፃዊ መቁጠር ይቀላል። ያን የመሰለ፣ አጭር ሐረግ ወርውሮ ወዲያው ዝም የሚል ጊታር በእኔ አኩስቲክ አይመጣም። ሞክሬዋለሁ። ጎረቤቶቼም ሞክሬው እንደነበር ያውቃሉ።

እናላችሁ፣ የጎመን ክትፎው ምሽት ባለፈ ማግስት እናቴ ቅቤ አስይዛ ጎረቤት ላከችኝ። እዚህ እማማ ብቻ እላቸዋለሁ፤ ስጠራቸውም እንደዚያው ነው። ልጃቸው በትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ይበልጠኝ ነበር፤ አሁን ደቡብ አፍሪካ ነው። ቡና ተፈላ። የምናወራው በጉራጌኛ ነው፤ ለእናንተ ወደ አማርኛ እየመለስኩት ነው።

ከበሩ ትይዩ ግድግዳው ላይ የማዳበሪያ ጆንያ የለበሰ ረጅም ነገር ተሰቅሏል። ከጆንያው አናት ብቅ ባለው ጫፍ ላይ ስድስት መቃኛዎች በአንድ ወገን ተሰልፈዋል። የእኔ አኩስቲክ ላይ ሦስቱ በአንድ በኩል፣ ሦስቱ በሌላው ናቸው። ስድስቱ በአንድ በኩል ሲሆኑ ልብ ትመታለች።

«እማማ፣ እሱ ምንድን ነው?»

«እሱማ የልጄ ጉድ ነው።» ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን ወዘወዙ። «ከፈለግህ ግዛኝ። ድምፅ የለውም እንጂ። ሆዱም ደፍን ነው።»

አወረድኩትና ጆንያውን ገፈፍኩት። ጥቁር ነው። ጫፉ ላይ ያማሃ ተብሎ ተጽፏል፣ ከሥሩ ፓሲፊካ። አንደኛዋ፣ ቀጭኗ ክር የለችም። የቀሩት አምስቱ ዝገዋል። ሦስት ፒክአፖች አሉት፤ ከድልድዩ አጠገብ ጥንዱ፣ ከእሱ በላይ ሁለት ነጠላ። አንገቱን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ እንደ ጠመንጃ አነጣጠርኩበት። ቀጥ ያለ ነው። ፍሬቶቹ አልተበሉም። የገመዱ መሰኪያ ብቻ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። 112 ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ ጊታር ነው፤ ግን መድረክ ላይ ይዞት የሚወጣ ባለሙያ አያፍርበትም። ርካሽ የሚባል ዕቃ ውስጥ እንዲህ በሥነ ሥርዓት የተሠራ ነገር ብዙ የለም። ይኼን ለማወቅ አሥር ሰከንድ አልፈጀብኝም።

እማማ «ድምፅ የለውም» ሲሉ አልዋሹም። ክራር ሆድ አለው፣ ማሲንቆ ሆድ አለው፣ አኩስቲክ ጊታርም አለው፤ ክሩ ሲርገበገብ ድምፁን የሚያጎላው ያ ባዶ ሆድ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ግን እንደ ሥጋ መክተፊያ ደፍን ነው። ፒክአፕ የሚባለው ነገር ማግኔት ነው፤ ዙሪያውን ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ ለሚቆጠር ዙር ተጠምጥሞበታል። ከላዩ የብረት ክር ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ትወለዳለች። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ሕግ ነው፤ እኔ ለፈተና ሸምድጄ ረስቼው ነበር። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ጊቤ ላይ ውኃ መብራት የሚሆነው በዚሁ ሕግ ነው። ያቺ ትንሽዬ ኤሌክትሪክ በገመድ ሄዳ አምፕሊፋየር ካላገኘች ግን ጊታሩ የሚያሰማው ጥፍር ጣውላ ሲጭር ያህል ነው። ተክ፣ ተክ፣ ተክ። የፈለገው ጎበዝ ይዞት ቢቀመጥ ከቡናው ጀበና በላይ አይሰማም።

ይኼን ሁሉ አውቃለሁ። አንዱንም አልተነፈስኩም።

«ስንት ይሉታል?» አልኩ፣ ጆንያውን መልሼ እያለበስኩ። መልሶ ማልበስ የገበያ ዘዴ ነው፤ ብዙም አልፈለግኩትም ማለት ነው።

«አምና እዚህ ተከራይቶ ለነበረ ተማሪ 10,000 ብዬው ነበር። ነካካውና ተበላሽቷል ብሎ ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ በ3,000 ልውሰድልዎ አለ። እምቢ አልኩ።»

«ደፍን ነው እኮ እማማ» አልኩ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። ዋጋ መቀነስም ያደግኩበት ነው፤ እኛ ቤት ያልተከራከረ ሰው እንደታመመ ይቆጠራል። እኔ ግን የተሳሳቱትን ነገር አንስቼ መልሼ ሰጠኋቸው። ደፍን መሆኑ ጉድለት አለመሆኑን እያወቅኩ ጉድለት አድርጌ ዋጋ አወረድኩበት። ያ ተማሪ በማግስቱ ለምን እንደተመለሰ የገባኝ በኋላ ነው። እሱም ያውቅ ነበር።

8,000 አሉ። 5,000 አልኩ። ቅቤው ከየት እንደመጣ፣ እናቴ እንዴት እንደሆነች፣ ዘንድሮ በሬ ስንት እንደገባ ተወራ። 6,500 ላይ ተስማማን። ብሩን ቆጥሬ ሰጠኋቸው፤ መርቀው ሸኙኝ። ምርቃቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

ማታ አባቴ ጊታሩን አልጋዬ ላይ አየው።

«ያማሃን ገዛኸው?»

አባቴ ስለ ጊታር ዓይነት የሚያውቀው ነገር የለም። «ስሙን እንዴት አወቅከው?» አልኩት።

«ጉብሬ ውስጥ ይኼን የማያውቅ ማን አለ? አንተ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርክ።» ቁጭ ብሎ ነገረኝ።

በ2009 ዓ.ም. ነው። እማማ የዕቁብ ዕጣ ወጣላቸው። በላዩ አንዲት ጊደር ሸጡና 24,000 ብር ሞልተው ለልጃቸው ሰጡት፤ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ያገለገለ ሞተር ሳይክል እንዲገዛና ከጉብሬ ወደ ገጠሩ ሰው እያመላለሰ እንዲሠራ። በሦስተኛው ቀን ደወለ። «እማ፣ ያማሃ ገዛሁ» አላቸው።

ያማሃ እኛ ጋ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የግብርና ባለሙያ ይዞት የሚመጣው፣ ጭቃ የማይፈራ፣ ድምፁ ሳይታይ በፊት የሚሰማ ሞተር ነው። ጊታር የሚለው ለማንም አይመጣም። እማማ ቡና አፈሉ፣ ቆሎ ቆሉ፣ ጎረቤት ጠሩ። ልጆች መንገድ ዳር ወጥተው ጠበቁት። ከሚኒባስ ወረደ፤ ጀርባው ላይ ረጅም ጥቁር ቦርሳ አለ። ሞተሩ በሌላ መኪና ይመጣል ብለው ጠበቁ።

ልጁ አልዋሸም ነበር፤ እሱም ቢሆን ይኼን ነው የሚለው። ያማሃ ብሎ ያማሃ ነው ያመጣው። ቡታጅራ ካለ የሠርግ ባንድ ጋር ተነጋግሯል፤ ጊታር ካመጣህ ሥራ አለ ብለውታል፤ ሞተር ይገለበጣል፣ ጊታር አይገለበጥም። 13,000 ነው የገዛው፣ ከመንገድ ወጪው የተረፈውን ለእናቱ መለሰ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ከቦርሳው አውጥቶ ሊያሰማቸው ሞከረ። አምፕሊፋየር የለውም፤ ባንዱ ጋ አለ ብሎ ተማምኖ ነው የመጣው። ተክ፣ ተክ፣ ተክ። አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። እማማ ሰው ፊት «ተበልተህ መጣህ» አሉት።

ሰፈሩ ስም አወጣለት፦ ያማሃ። ሁለት ዓመት ያህል በየሠርጉ ሠራ። እማማ አንድም ቀን ሄደው አልሰሙትም። በ2011 በሞያሌ አድርጎ ሄደ፤ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ያው መንገዱን ታውቁታላችሁ። ጊታሩ ግድግዳው ላይ ቀረ። በየሳምንቱ በኢሞ ይደውላል፤ ስለ ላሟ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ። ስለ ጊታሩ ግን፣ አባቴ እንዳለው፣ አንድ ቀንም አልተነሳም።

እዚህ ላይ እኔን የሚያስቀኝ ነገር አለ፣ ለአባቴም ነግሬው ስቋል። እማማ ያን ያህል አልተሳሳቱም። ያማሃ የሚለው ስም የመጣው ቶራኩሱ ያማሃ ከሚባል ጃፓናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ሃማማትሱ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የተበላሸ ኦርጋን ጠገነ፣ ከዚያ ራሱ መሥራት ጀመረ። ሞተሩ የመጣው ከስንት ዘመን በኋላ ነው፤ የሞተር ኩባንያው ለብቻው የቆመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። የግብርናው ሰውዬ ሞተር ታንከር ላይ ያለውን ክብ ምልክት አስተውላችሁት ከሆነ ውስጡ የተጠላለፉት ሦስት ነገሮች የጎማ ራጂ አይደሉም። የሙዚቃ መሣሪያ የሚቃኝባቸው ሹካዎች ናቸው። እኛ ገጠር ለገጠር ሲከንፍ የኖረው ሞተር ደረቱ ላይ የሙዚቃ ዕቃ ለጥፎ ነው።

አባቴ ሳቁን ሲጨርስ «ስንት ገዛኸው?» አለኝ።

ነገርኩት።

«ስንት ያወጣል?»

ስልኬን አውጥቼ አንድ የቴሌግራም መሸጫ ቻናል ላይ ከዚሁ የማይሻል 112 ሰው 45,000 ብር ሲጠይቅበት አሳየሁት። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ቁጥሩን አየ፣ መልሶ አወለቀ።

«እርጥብ ስኳር እያወቅኩ ብሸጥ ምን ትለኛለህ?»

እርጥብ ስኳር ሚዛን ላይ ይከብዳል። ልጅ እያለሁ አንድ ነጋዴ ይኼን አደረገ ተብሎ ስሙ እስከ አሁን አልተነሳም። «ሌባ ነዋ» አልኩ።

«ስትገዛ ሲሆን ግን ጮሌ ነህ?» አለና ተነስቶ ሄደ። አባቴ ከዚህ በላይ አያወራም፣ ደግሞም አያስገድድም። ባያወራ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ሌሊት ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ክርክሬን ሁሉ አልነግራችሁም፤ አብዛኛው አስቀያሚ ነው። «ሌላ ሰው በ3,000 ይወስደው ነበር» የሚለው አለ። «የማወቅ ዋጋ ነው፣ ስንት ዓመት የተማርኩት ለምንድን ነው?» የሚለው አለ፤ ይኼኛውን ለአንድ ሰዓት ያህል አምኜው ነበር። ግን ብር ብቻ ቢሆን ምናልባት እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሌላውን ነው። እማማ ስምንት ዓመት ሙሉ ልጃቸው ተሞኝቶ የተሰነጠቀ ማሰሮ እንደገዛ አምነው ኖረዋል። እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ይኼን አፌ ውስጥ ይዤ አዲስ አበባ ልመለስ ነው።

የመስቀል ዕለት ከሰዓት፣ ቤቱ ከእንግዳ ቀለል ሲል፣ የአክስቴን ልጅ ጂፓሱን ለመንኩት። ለሠርግና ለምርቃት ድምፅ የሚያከራይ ልጅ ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ጂፓሱ ግን ቻርጅ ይይዛል፣ የጊታር ገመድም ይቀበላል። አምፕሊፋየር አይደለም፣ ድምፁን ትንሽ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ያሰኘዋል፤ ግን በዓል ነው፣ የተገኘው ይበቃል። የጊታሩን መሰኪያ ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል ጠረግኩት። ገመዱ ከጊታሩ ጋር ያመጣሁት አሮጌ ቦርሳ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ከሁለት ፒክና ካለቀ የሞባይል ካርድ ጋር።

እማማ በሩ ላይ ጊታር ይዤ ሲያዩኝ ፊታቸው ተለወጠ። «መለስከው? ልጄ፣ ብሩ እኮ የለም። ቅቤ ሆኗል።»

ከሁሉም ያሳፈረኝ እሱ ነው። ቀድመው የፈሩት እሳቸው ናቸው።

«አልመልስም እማማ። ልነግርዎት ነው። ጊታሩ አልተበላሸም። ከእርስዎ ስገዛውም አውቅ ነበር። ደፍን ነው ያልኩት ዋጋ ለማውረድ ነው፤ ሲሠራም ደፍን ሆኖ ነው የሚሠራው።»

መልስ አልሰጡኝም። እንድቀመጥ በእጃቸው አሳዩኝ። ጂፓሱን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ገመዱን ሰካሁ። መጀመሪያ ጷ አለ፣ ከዚያ እንደ ንብ ቀፎ ማጉረምረም ጀመረ። እማማ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። አምስት ክር ነው ያለኝ፣ እሱም የዛገ። ትዝታ መታሁ፤ የማንንም ዘፈን አይደለም፣ ቅኝቱን ብቻ፣ ቀስ ብዬ፣ ጣቴ የሚያውቃትን ያህል። መጥፎ ነበር። ግን ቤቱ ሞላ። ውጭ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች በሩ ላይ ተደርድረው ቆሙ።

ስጨርስ እማማ «ድገመው» አሉ።

ደገምኩት።

«ያን ዕለት ሊያሰማኝ የፈለገው ይኼን ነው?»

«አዎ። አምፕሊፋየር ስላልነበረው ነው። መሰካት አለበት።»

«ይሰካል» አሉ ለራሳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያ አልተበላም ነበር በለኛ።»

«አልተበላም እማማ። በጥሩ ዋጋ ነው የገዛው። ጎበዝ ነው የመረጠው።»

ብዙ ቆዩ። ከዚያ «ስንት ያወጣል?» አሉኝ፣ ድምፃቸው ወደ ገበያ ተመልሶ። 40,000 የሚሰጥ አይጠፋም አልኳቸው። 45,000 የሚለውን አልደበቅኩም፣ ያ መነሻ መሆኑን፣ ሰው ተከራክሮ እንደሚያወርደው ነገርኳቸው። እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው አዩኝ። «የሰው ልጅ ብለን ቡና ያጠጣንህ» አሉ። በቁጣ አይደለም። በቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ቀጥለው ያሉት ግን ያላሰብኩት ነው፦ «ዕቃው የእሱ ነው። እሱ ይሽጥልህ።» ስልካቸውን ሰጡኝ። ኢሞ ላይ ደወልኩ።

ሱቅ ውስጥ ነው። ከጀርባው መደርደሪያ ይታያል፣ ዳቦና የታሸገ ወተት፤ አንድ ደንበኛ በማላውቀው ቋንቋ የሆነ ነገር ይጠይቀዋል። ወፍሯል። አወቀኝ። እንኳን አደረሰህ ተባባልን፣ ክትፎውን ጠየቀኝ፣ አማረርኩት። ከዚያ ጊታሩን ከፍ አድርጌ አሳየሁት።

«አንተ! ያማሃዬን!» አለ። በዚህ ስም ራሱ መጥራቱን ልብ አልኩ። «በስንት?»

«6,500።»

ምስሉ ቀጥ አለ። ኔትወርክ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቀጥ ያለው እሱ ነው። ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ። «እኔ በዶሮ ዘመን 13,000 የገዛሁትን? የእናቴን ቡና እየጠጣህ?»

«ለዚያ ነው የደወልኩት። ልጨምር ነው። 30,000 ላድርገው።»

«40።»

«አንደኛዋ ክር የለችም። ቀሪዎቹ ዝገዋል። መሰኪያው ራሱ...»

«መሰኪያው ተጠርጎ ነው የምትለኝ፣ ሲያንጎራጉር ሰምቼዋለሁ። 38።»

«32። ክር መግዛት አለብኝ እኮ።»

ስምንት ዓመት ያህል ያልተያየን ሰዎች ነን። በመካከላችን አራት አገር አለ። እየተከራከርን ሁለታችንም እየሳቅን ነበር፤ እማማም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። 36 ሲል 33 ስል፣ «ተዉት» አሉ እሳቸው ጣልቃ ገብተው። «34። የሰጠኸው ይታሰብልህ። የቀረውን በሁለት ጊዜ አምጣ።» ሁለታችንም ዝም አልን። ዋጋው ተቆረጠ።

ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። ኢሞ ላይ እንደሚያወሩ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ስክሪኑን በጣም ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ ልጃቸው የሚያየው ግንባራቸውን ብቻ መሆን አለበት።

«ሰማሁት» አሉት።

«ምኑን?»

«ድምፁን። አለው።»

ከዚያኛው በኩል ደንበኛው ድጋሚ ጠየቀ፤ ልጁ አልመለሰለትም። ስልኩን የሆነ ቦታ ሲያስቀምጠው ጣሪያ ታየን፣ አንዲት አምፖል ያለችበት ጣሪያ። ሲመለስ «አሰማኝ እስቲ» አለኝ።

እማማ ስልኩን በሁለት እጃቸው ጂፓሱ ፊት ያዙ። ያቺኑ ትዝታ ጀመርኩ። ሦስት ኖታ አልሄድኩም።

«ቁም፣ ቁም። ሦስተኛዋ ወርዳለች። እንዴት አይሰማህም?»

ለእኔ ደህና ነበረች። ስልኬ ላይ የመቃኛ አፕሊኬሽን አለኝ፣ ላወጣው ስል «እሱን ተወው» አለ። «እኔ እነግርሃለሁ። አንደኛዋን የበጠስኳት እኔ ነኝ፣ የመጨረሻው ሠርግ ላይ፤ እሷን እርሳት። ሦስተኛዋን ብቻዋን ምታት።»

መታኋት።

«አጥብቃት። ትንሽ። ትንሽ። አለፍክ፣ አላላት።»

ኔትወርኩ ተቆራረጠ። እማማ ስልኩን ሳያወርዱ፣ ክንዳቸው እየተንቀጠቀጠ ጠበቁ። ተመለሰ።

«ድገማት። አሁንም ትንሽ። እዚያ ጋ። ተዋት። አሁን አራተኛዋን።»